ለጎመን አልተማርንም ላሉን

ከመኝታ ቤታችን ጀርባ፣ ከአጥሩ ወዲህ፣ አንዲት ቁራሽ መሬት አለች። በእርምጃ ብንለካት ርዝመቷ 40፣ ወርዷ 18 ሆነ። ሳማው፣ ሙጃው፣ እምቧጮውና ኮሸሽላው ከላስቲክ ጠርሙስና ከስባሪ ብሎኬት ጋር ተቃቅፈው ወርሰዋታል። ባለፈው ጥቅምት ስድስት ሆነን ተነሣንና "ይህችን መሬት መንጥረን አትክልት እናብቅልባት" አልን። ጎመን፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች። ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም። ነገር ግን ገና ዶማ ሳናነሣ ምላስ ተነሣብን።

የተባልነውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ እናቅርበው። አንደኛው ወገን "ለጎመን አልተማርንም" አለ። "አባቶቻችን ከዶማ ሊያላቅቁን በሬ ሸጠው አስተማሩን፤ እናንተ መልሳችሁ ዶማ ልታስጨብጡን?" ሁለተኛው ወገን "መሬቱ የማን ሆነና ነው? ዛሬ ብትመነጥሩት ነገ ሕንፃ ይቆምበታል" አለ። ሦስተኛው ወገን ደግሞ "አይ እናንተ! ይኼ ሌላ ዘመቻ ነው፤ ፎቶ ተነሥታችሁ ትበተናላችሁ" አለን። አራተኛው ምንም አላለም፤ ሳቀ። ለሳቀው መልስ የለንም፤ ጎመኑ ሲደርስ ራሱ ይመጣል። ለሦስቱ ግን መልስ አለን።

ከመጀመሪያው እንነሣ። በሬ የሸጠውን አባት የምናከብረው ከተናጋሪዎቹ አንሰን አይደለም። ከእኛም ውስጥ በሬ የተሸጠለት አለ። ታዲያ አባታችን የሸሸው ከምንድነው? ከዶማው ነው ወይስ ዶማው ከማያጠግበው ኑሮ? መሬቱ እየተከፋፈለ ከመዳፍ ሲያንስ፣ አፈሩ በጎርፍ ሲሄድ፣ ዘሩ ሲከዳው፣ "ልጄ ይማርና ይውጣ" አለ። ልጁ ተማረና ወጣ። ከወጣ በኋላ ግን የተማረውን ይዞ ወደዚያ አፈር ካልተመለሰ የበሬው ዋጋ ምን ላይ ዋለ? አንድ ሰው ብቻ አመለጠ፤ አፈሩ ግን እንደታመመ ቀረ።

ይህን ነገር በደንብ ያሳየን ደረስጌ ነው። ከመካከላችን አንዱ የጃን አሞራ ልጅ ነው። ለገና ዕረፍት ወደ እናቱ ቤት ሲሄድ ሦስታችን ተከተልነውና ደረስጌ ማርያምን ተሳለምን። ስለ ደረስጌ ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ አንድ ነበር፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ደጃዝማች ውቤ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት በውስጡ ዘውድ ሊጭኑበት ነበር። ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ሜዳ ላይ ድል አደረጋቸውና የካቲት 5 ቀን 1847 ዓ.ም. ለውቤ በተዘጋጀው ቤት አቡነ ሰላማ ቀብተውት ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። ይህን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ሸምድደነዋል፤ ፈተናም ላይ መጥቶልናል።

ያልሸመደድነው ሌላ ነገር አለ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሥራ ላይ እጁ ያለበት አንድ ጀርመናዊ ነበር፤ ስሙ ቪልሄልም ሺምፐር። ሙያው ዕፀዋት መሰብሰብና ማጥናት ነው። በ1837 እ.ኤ.አ. መጥቶ በደጃች ውቤ ዘመን አገልግሎ በዚህ አገር 40 ዓመት ያህል ኖሮ በ1878 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ ሞተ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ይኸው ሰው ነው፤ ዘመኑም 1858 እ.ኤ.አ.፣ ከዘውዱ ሦስት ዓመት በኋላ።

እስቲ ቆም ብለን እንመልከተው። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዙ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ ዘውድ፣ ሁለተኛው ድንች። ዘውዱ 13 ዓመት ቆይቶ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከባለቤቱ ጋር ወደቀ። ድንቹ ግን ዛሬም በየደጋው ምጣድና ድስት ላይ አለ። አፄ ቴዎድሮስን ለማሳነስ አይደለም ይህን የምንለው፤ ሥፍራቸውን ማንም አይወስድባቸውም። የምንለው ስለ ራሳችን ነው። ዘውዱን እናውቃለን፣ ድንቹን አናውቅም። ማን ከማን ጋር እንደተዋጋ ቀኑን ቆጥረን እንናገራለን፤ ምን እንደምንበላ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንዳነሰን ግን ጠይቀን አናውቅም። ከዚያ ላይ ደግሞ "ለጎመን አልተማርንም" እንላለን። እኮ ለምኑ ተማርን?

ድንቹም ቢሆን እንደገባ አልተስፋፋም። ለረጅም ጊዜ እንደ እንግዳ ሲታይ ኖሮ ብዙው ገበሬ የያዘው በ1880ዎቹ ክፉ ቀን፣ ከብቱ በበሽታ ካለቀና ማሳው ጦሙን ካደረ በኋላ ነው። ማለትም ረኀብ አስተማሪ ሆነ። ረኀብ ደግሞ ክፉ አስተማሪ ነው፤ ትምህርቱን ሲጨርስ ግማሹ ተማሪ በሕይወት የለም። አዲስ ነገር በጓሮ የሚሞከረው በጥጋብ ቀን ነው። የመሞከሪያ ጓሮ ያለው ማን ነው? አንድ ጥማድ መሬቱን በሙሉ ለገብስ የሰጠው ገበሬ ነው ወይስ ግቢው በሙጃ የተሸፈነበት የተማረ ሰው?

ስለ ረኀብ ካነሣን ቁጥር እንጥራ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ከ100 ሕፃናት 46ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ፣ ማለትም የቀነጨሩ ነበሩ። የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። በዚያው ጥናት፣ በአገር ደረጃ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት በመጠንም በዓይነትም የሚበቃ ምግብ ያገኙት ከ100 ሰባት ብቻ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. እንደገና ሲታይ የክልላችን ቁጥር 41 ሆነ። ወርዷል፤ ግን ከአምስት ልጆች ሁለቱ ናቸው። ይህ የጎረቤት አገር ወሬ አይደለም። እነዚህ ልጆች የእኛ ታናናሾች ናቸው፤ ከእኛም መካከል ከእነሱ አንዱ የነበረ አለ።

ሲቀነጭር የምናየው ልጅ ሁሉ እንጀራ ያጣ ነው ብለን አናስብ። የውኃ ንጽሕና አለበት፣ በሽታ አለበት። ግን አንዱ ዋና ምክንያት የምግቡ አንድ ዓይነት መሆን ነው። ገብስ አለ፤ ባቄላ አለ፤ ጎመን በጓሮው የለም፤ ካሮት ገበያ ላይ እንጂ ማዕድ ላይ አይታይም። በደባርቅና በዳባት አካባቢ ነጭ ሽንኩርት ተመርቶ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል፤ ያመረተው ቤት ግን ወጡ ያው ሽሮ ነው። "ጎመን በጤና" ሲባል የሰማነው ድህነትን ለማጽናናት ይመስለን ነበር። አሁን ስንገምተው ሐኪም የተናገረው ይመስላል።

ወደ ሁለተኛው ወገን እንለፍ፤ "መሬቱ የማን ነው?" ወዳለው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም ጠይቀን ነበር። ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ ጻፍን። "ይታያል" ተባልን። አምስት ሳምንት ታየ። ሙጃው ግን ደብዳቤ አልጻፈም፤ ማንም ፈቃድ አልጠየቀውም፤ ገብቶ ሰፈረ። ለአረም የማይጠየቅ ፈቃድ ለጎመን ሲጠየቅ ያን ጊዜ ነገሩ ገባን። የታጠረና ያደረ መሬት ማንም አይከራከርበትም፤ ክርክር የሚነሣው አንድ ሰው ሊሠራበት ሲመጣ ነው። ደብዳቤያችን በስድስተኛው ሳምንት "ሕንፃ እስኪሠራበት ድረስ" በሚል ተፈቀደ። በቂ ነው። ጎመን የሚፈልገው ሁለት ወር እንጂ ርስት አይደለም።

ሶቪየት ኅብረት በ1991 እ.ኤ.አ. ስትፈርስ ኩባ ነዳጅና ማዳበሪያ ተቋረጠባት። የሃቫና ከተማ ነዋሪ ቆሻሻ የተጣለበትን ባዶ ቦታ እየመነጠረ አትክልት አበቀለበት፤ መንግሥትም ቦታው የመንግሥት እንደሆነ ሳለ ለሚያለማው ሰው በነፃ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። ከዚያ የምንማረው ነገር የመሬቱ ባለቤት ማነው ከሚለው ጥያቄ ጎን ሌላ ጥያቄ መኖሩን ነው፤ ማን እየሠራበት ነው?

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ተራራው ቀና እንበል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እርሻው አስታውን እየመነጠረ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ዋልያው ሲመናመን፣ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከመዝገቡ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ገብስ ሲያርስ የኖረው የግጭ መንደር ሕዝብ ማሳውን ትቶ ወደ ደባርቅ ወረደ።

እንግዲህ ነገሩን ጎን ለጎን አድርጉት። ድሃው ገበሬ ሌላ ቦታ ስለሌለው ዳገቱን ሲመነጥር "ደን ጨፈጨፈ" ተብሎ ተወቀሰ፤ በኋላም ተነሣ። እኛ ደግሞ ከታች፣ ሜዳው ላይ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በመሥሪያ ቤቱ፣ በግቢያችን፣ ውኃና መንገድ አጠገብ ያለውን መሬት ለሳማ ትተን እንኖራለን፤ ማንም አይወቅሰንም። መመንጠር የሌለበት ተራራ ተመነጠረ፤ መመንጠር ያለበት ጓሮ ጫካ ሆነ። ጥፋቱ የማን ነው? እስከዛሬ ጣት ስንቀስር የነበረው ወደ ላይ ነው። ጣታችንን እናጥፈው።

ሌላውን ከተቸን ራሳችንንም መተቸት አለብን። እኛ ስድስታችን መጀመሪያ ያሰብነው መሬቷን ለማቃጠል ነበር። ክብሪት፣ ጭስ፣ አለቀ! ይህን ለጓደኛችን እናት ስንነግራቸው ጀበናቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩን።

"ልጆቼ፣ ሳማ የበቀለበትን መሬት ማን ያቃጥላል?" አሉን። "ሳማ እኮ ዝም ብሎ አይበቅልም። አዛባ የወደቀበትን፣ አመድ የተደፋበትን፣ ሰው የኖረበትን መሬት መርጦ ነው። ምግቡን መሬቱ ውስጥ አስቀምጦላችሁ፣ እናንተ በእሳት ልትሰዱት?"

አፈርን። አራት ዓመት ስለ ናይትሮጅን የተማረ ሰው ከመካከላችን ነበር፤ ሳማ ናይትሮጅን የበዛበት አፈር ምልክት መሆኑን መጽሐፉ ላይ አንብቧል፤ መሬቱ ላይ ሲያየው ግን አላወቀውም። እሳቸው ደብተር አልያዙም። ክረምት ላይ ጎተራው ሲራቆት የሳማውን ለጋ ቀቅለው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። እሳት ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ይህ አገር ሳይርቅ አይቷል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲነድ ሕዝቡ በቅጠል እየመታ ታግሎ፣ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ እሳት አጥፊዎች ከእስራኤል እስኪመጡ ድረስ ተጨንቀን ነበር።

ሁለተኛው ስሕተታችን መቸኮል ነው። በሁለት ቀን መሬቷን ከዳር እስከ ዳር ላጨናት። እጃችን ቆሰለ፤ ኩራታችን ግን ሰማይ ነካ። ከዚያ ፈተና መጣ። ከፈተናው ስንመለስ ግማሹን ሰርዶና ሙጃ መልሰው ይዘውታል፤ ባዶ የቀረውን ነፋስ ይጠርገዋል። ሦስተኛው ስሕተት ድንቹን በኅዳር መትከላችን ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ላይ እንደሆነች ማንም ሳይነግረን እናውቃለን፤ በየሌሊቱ ብርድ ልብስ እንሻማለን። ድንቹ ግን ብርድ ልብስ የለውም። አንድ ሌሊት ውርጭ ወረደና ጠዋት ቅጠሉ የተቀቀለ መሰለ።

ከነዚህ ስሕተቶች በኋላ የያዝነው አሠራር ይህ ነው፤ ለሚከተለን ሰው ዕዳችን ስለሆነ እንጽፈዋለን። በአንድ ሳምንት ልትተክሉበት የምትችሉትን ያህል ብቻ መንጥሩ፤ የቀረው ባለበት ይቆይ፤ አፈሩን ይጠብቃል። አረሙን አበባው ፍሬ ሳይቋጥር በማጭድ እጨዱት፤ ፍሬ ከያዘ ዘሩን እናንተው ትዘሩለታላችሁ። ያጨዳችሁትን አታቃጥሉ፤ ሳማውን ከኩሽና ጥራጊና ከአዛባ ጋር ከምሩት፣ አፈር አልብሱት፣ ይብሰልና ይመለስ። ሰርዶን ግን ከክምሩ አታግቡት፤ ቁራጩ ሁሉ ይበቅላል። ሥሩን በመቆፈሪያ እየተከተላችሁ አውጡና በበጋው ፀሐይ ድንጋይ ላይ አድርቁት። ላስቲኩንና ስባሪውን ለቅማችሁ አውጡ። ከኅዳር እስከ ጥር ብርድ ለሚችሉት ለጎመን፣ ለነጭ ሽንኩርት፣ ለካሮት ስጡ፤ ድንቹን ውርጩ ካለፈ በኋላ ትከሉ። ዘር ስትመርጡም አንድ ዓይነት ብቻ አትያዙ፤ ጉደኔም በለጠም አሉ። አየርላንድ ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድሃው ሕዝቧ በአንድ ዓይነት ድንች ላይ ተማምኖ ሳለ ቅጠል የሚያጠቁር በሽታ ገባና አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀባት። ያው በሽታ ክረምት ላይ በእኛም ደጋ አለ።

አሁን ሦስተኛው ወገን፤ "ዘመቻ ነው" ያለው። ከሁሉም ይልቅ የፈራነው ይህን ነው፤ እውነት አለበትና። ለፎቶ የተያዘ ዶማ አይተናል። የተተከለበት ቀን ሺህ ሰው የከበበው፣ ውኃ የሚያጠጣበት ቀን አንድ ዘበኛ እንኳ ያልቀረበው ችግኝ አይተናል። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይላል ያገራችን ሰው።

ታላላቆቻችንም ዘምተው ነበር። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" ብለው ሰልፍ ወጡ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ስለዚያ ዘመን ብዙ ተብሏል፤ ደሙም ገና አልደረቀም፤ እዚህ ላይ አንዳኘውም። አንድ ነገር ብቻ እንይ። ያኔ ከዘመቱት ብዙዎቹ ገበሬውን ሊያስተምሩ ሄዱ፤ ከገበሬው ሊማሩ የሄዱ ጥቂት ነበሩ። እኛ ደግሞ የእነዚያ "መሬት ላራሹ" ያሉት ልጆች የልጅ ልጆች ነን፤ መሬትም ዶማም አጠገባችን አለ፤ ማረሱን እንንቃለን። መፈክሩን ወረስን፣ አራሹን ረሳን።

ስለዚህ ይህ ዘመቻ እንዳይሆን ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ መሬቷን የሚንከባከባት ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚኖር ይሁን። እኛ ሐምሌ ላይ ወደየቤታችን እንሄዳለን፤ ዝናቡ ግን የሚመጣው ያኔ ነው። ደባርቅ ውስጥ ማሳቸውን ትተው የወረዱ ሰዎች አሉ። ገብስን ከ3,000 ሜትር በላይ ያበቀለ እጅ ጎመን አይከብደውም። ፈቃደኛ የሆኑት ይግቡበት፤ ዕውቀቱ ከእነሱ፣ ጉልበቱ ከሁላችን። የእኩል እንዳይባል! ታላላቆቻችን የእኩልና የሲሶ እርሻን ተቃውመው ሰልፍ የወጡበት አገር ነው። የሠራ ሰው የሠራውን ይውሰድ።

ሁለተኛ፣ በየክፍሉ ያለው ትምህርት ወደዚህች መሬት ይውረድ። የእርሻ ተማሪው አፈሩን ይመርምር፤ የጤና ተማሪው የሕፃናቱን ምግብ ይከታተል፤ እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ደግሞ ባልቴቶቹ የሚያውቁትን የቅጠል ስም እንመዝግብ። በዚህ አካባቢ የሚበላውን አረም ሁሉ በስሙ የሚጠራ ተማሪ እስካሁን አላገኘንም።

ሦስተኛ፣ ከዚህች ግቢ ሳንጀምር ወደ ገበሬው ጓሮ ለምክር እንዳንሄድ። አጥራችን ውስጥ ሳማ አስቀምጠን ስለ ጓሮ አትክልት ንግግር ብናደርግ የሚሰማን የለም፤ ሊሰማንም አይገባም።

አሁን መሬቷ ምን ላይ ነች? ትልቅ ነገር አናወራም። ሲሶዋ ተይዟል፤ የቀረው ገና ሙጃ ነው። ከጎመኑ ሦስት ጊዜ ለቅመናል። ነጭ ሽንኩርቱ ቆሟል። ድንቹን እንደገና ተክለን በቅሏል። ባለፈው ቅዳሜ "ለጎመን አልተማርንም" ካሉት አንዱ መጥቶ አጥሩን ተደግፎ ጥቂት ቆመ። ምንም አላለም። ከዚያ ጫማውን አወለቀና "ዶማው የታለ?" አለ። ሁለተኛ ዶማ አልነበረንም፤ የእኛን ሰጠነው። እንደ አባቱ ልጅ ቆፈረ፤ ከሁላችን ይበልጣል።

ያ የተሸጠ በሬ አይመለስም። ዕዳው ግን የሚከፈልበት መሬት ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ነው። መሬት ላራሹ ከተባለ አትክልትም ለኮትኳቹ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ኑ፤ ዶማ ያላችሁ ዶማ ይዛችሁ ኑ።